ኮርማ አከራዩ ገበሬ፦ የሮበርት ቤክዌል የሕይወት ታሪክ

በእንዲህ ያለ የበዓል መጽሔት ላይ ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ስለሆነው የእንግሊዝ ገበሬ መጻፍ ምን ይባላል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ወደዚህ ታሪክ የመራኝ ግን እንግሊዝ አገር ሳይሆን እዚሁ ዓለም ባንክ አካባቢ፣ አንድ የማህበራችን አባል ግቢ ውስጥ ያየሁት ነገር ነው።

ጋሼ (ስማቸውን ልተወው) ለትንሣኤ በዓል የሚያደልቧቸው አሥራ አንድ ሰንጎች ነበሯቸው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ታስረዋል፤ ሁሉም እኩል ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በልተዋል። ነጋዴው መጥቶ በረቱን አንድ ጊዜ ዞረና አራቱን ብቻ መርጦ ጥሩ ዋጋ ሰጠ፤ የቀሩትን ለመግዛት የጠራው ዋጋ የመኖውን ወጪ እንኳ የሚመልስ አልነበረም። እንስሶቹን አንድ በአንድ ሳያቸው ምክንያቱ ገባኝ። አንዱ የቦረና ቁመና ያለው ነጣ ያለ ወይፈን ነው። ሌላው ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ እግሩ የረዘመ፣ አጥንቱ የወጣ ነው። ሦስተኛው ቀላ ያለ፣ ጠብደል ያለ፣ ቶሎ ስብ የያዘ። የአንድ እናት ልጆች የሆኑት ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም። ከአሥራ አንዱ አምስቱ የተገኙት ደግሞ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እኔው ራሴ ጥሩ ነው ብዬ ከመከርኩት ክልስ ኮርማ ነበር። ጋሼ በዚህ አልወቀሱኝም። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ የኮሌጅ ደብተሬን አወጣሁ፤ በሁለት መስመር የታለፈ የቤክዌል የሚባል ሰው ስም አገኘሁ። የሚከተለው ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁት ነው።

ሮበርት ቤክዌል እ.ኤ.አ. በ1725 በመካከለኛው እንግሊዝ በሌስተርሺር አውራጃ፣ ላፍቦሮ ከተባለችው ከተማ አጠገብ በሚገኘው በዲሽሊ እርሻ ተወለደ። አባቱም አያቱም ገበሬዎች ነበሩ። እርሻው የራሳቸው አልነበረም፤ ከባለመሬት የተከራዩት ነው። ቤክዌል እስከ ዕለተ ሞቱ ተከራይ ገበሬ ሆኖ መኖሩን አባላት ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ዝርያ የሚያሻሽለው ባለሀብት ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ በእኛም ዘንድ ስላለ ነው። በወጣትነቱ አባቱ ሥራውን ለእሱ ከመተው በፊት በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች እየተዘዋወረ የሌሎችን አረባብ ተመለከተ። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1760 ሲሞት እርሻውን ሙሉ በሙሉ ተረከበ። ስፋቱ 440 ኤከር ነበር፤ በእኛ ልኬት 178 ሄክታር ገደማ ይሆናል። የዘመኑ የግብርና ጸሐፊ አርተር ያንግ እርሻውን በጎበኘበት ጊዜ 60 ያህል ፈረሶች፣ 400 ያህል ትላልቅ በጎችና 150 ያህል የቀንድ ከብቶች ይገኙበት ነበር።

ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ፋብሪካ የሚስፋፋበት፣ ከተሞች በፍጥነት የሚያድጉበት ጊዜ ነበር። የከተማ ሰው ሥጋ ይፈልጋል። ገበሬው የያዘው ከብት ግን ለሥጋ ተብሎ የተያዘ አልነበረም፤ በሬው የሚፈለገው ለጉልበቱ፣ ላሚቱ ለወተቷ ነው፤ ሥጋው የሚታሰበው እንስሳው አርጅቶ ሲጣል ነው። ይህን ስጽፍ የራሳችንን አገር የገለጽኩ መሰለኝ። በተጨማሪም ብዙው ገበሬ ከብቱን በጋራ ግጦሽ ያሰማራ ስለነበረ የማን ኮርማ የማንን ላም እንደሚያጠቃ የሚቆጣጠረው አልነበረም። ጥጃው እንደ ዕድሉ ይወለዳል።

ቤክዌል የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሥራው ወንዱን ከሴቷ መለየት ሆነ። በዚያ ዘመን የጋራ መሬት በአጥር እየተከለለ ነበርና የታጠረ ማሳ ነበረው፤ ኮርማው የሚገናኘው ቤክዌል በመረጠለት ላም ብቻ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። በእኔ ግምት ግን ከሠራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያለዚህ ሊሆን አይችልም ነበር።

ሁለተኛው ሥራው የሚፈልገውን እንስሳ አስቀድሞ በአእምሮው መሣል ነበር። ትልቅ ከብት አልፈለገም። በዘመኑ ገበሬዎች የሚኮሩት በቁመት፣ በአጥንትና በቀንድ ግዝፈት ሲሆን እሱ ግን ሥጋ ሻጩ የማይሸጠው ነገር ሁሉ፣ ማለትም አጥንቱ፣ እግሩ፣ ጭንቅላቱ፣ በመኖ የተገዛ ኪሳራ መሆኑን ተገነዘበ። ስለዚህ አጥንቱ የቀጠነ፣ እግሩ ያጠረ፣ ሰውነቱ እንደ በርሜል የሞላ፣ ዋጋ የሚያወጣው ሥጋ በጀርባና በዳሌ ላይ የተከማቸ፣ ከሁሉም በላይ በትንሽ መኖና በአጭር ጊዜ የሚደልብ እንስሳ ፈለገ። የታረዱ ምርጥ እንስሳቱን አጽም ሰብስቦ ያስቀምጥ፣ ብልታቸውንም በጨው ውሃ ዘፍዝፎ ያቆይ ነበር ይባላል፤ የልጁን አጥንትና ስብ ከአያቱ ጋር ለማነጻጸር ነው። ሚዛንና መዝገብ በሌለበት አገር ይህ እንደ መዝገብ የሚቆጠር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ቤክዌል ከብቶቹን የመረጠው ባለረጅም ቀንድ (ሎንግሆርን) ከሚባለው የአካባቢው ዝርያ ነው። ይሁን እንጂ ሁሉንም ከአንድ በረት አላወጣም። ሁለት ጊደሮችን በዎሪክሺር አውራጃ ካንሊ ከሚባል ቦታ ዌብስተር ከተባለ አርቢ ገዛ፤ ኮርማውን ደግሞ ከሰሜን፣ ከዌስትሞርላንድ አመጣ። ሁለቱ የደም መስመሮች በዝርያ አንድ ቢሆኑም ለብዙ ዘመን ተራርቀው የቆዩ ናቸው። ከዚያ ኮርማና ከአንደኛዋ የካንሊ ጊደር የተወለደው ወይፈን ቱፐኒ ተባለ፤ ስሙ ሁለት ፔኒ ማለት ነው። ከዚህ ወይፈን በኋላ ቤክዌል በሩን ዘጋ፤ ከውጭ ደም ማስገባት አቆመ። ቱፐኒን ከራሱ ልጆች ጋር፣ ወንድሞችን ከእህቶች ጋር እያዳቀለ፣ ከሚወለዱት መካከል በአእምሮው ካለው ሥዕል ጋር የማይስማማውን ሁሉ እያስወገደ ቀጠለ። የዘመኑ ሰዎች ይህን እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር፤ ቅርብ ዘመድን ማገናኘት በእንስሳም ቢሆን እርግማን ያመጣል ብለው የሚፈሩ ብዙ ነበሩ።

እዚህ ላይ የታሪኩን ፍሬ ነገር በእኛ ቋንቋ ላስረዳ። ሁለት የተለያዩ ንጹሕ ዝርያዎችን ብናዳቅል፣ ለምሳሌ የአርሲ ላሞችን በሙሉ በአንድ የቦረና ኮርማ ብናስጠቃ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥጆች እርስ በርሳቸው በጣም ይመሳሰላሉ። እያንዳንዱ ጥጃ ግማሹን ከዚህ፣ ግማሹን ከዚያ ወስዷልና። ብርታትም ይጨምራሉ። ገበሬው ይህን አይቶ ይደሰትና ከእነዚህ ጥጆች መካከል የተዋበውን ወይፈን ለኮርማነት ያስቀራል። ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ነው። ክልስ ኮርማ ከክልስ ላም ጋር ሲገናኝ ሁለቱም የያዙት ድብልቅ እንደ ካርታ ይበወዛል፤ አንዱ ጥጃ አያቱን ቦረናን፣ ሌላው አያቱን አርሲን፣ ሌላው ማንንም የማይመስል ሆኖ ይወለዳል። የኔም ምክር ያበላሸው ይህንኑ ነው። ጋሼ በረት ውስጥ የነበሩት ላሞች እዚህም እዚያም የተገዙ ክልሶች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ክልስ ኮርማ ጨመርኩበት። ኮርማው ራሱ ግሩም ቁመና ነበረው። ያሳተኝም ቁመናው ነው።

ቤክዌል ስለ ዘረመል የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ሜንዴል የተወለደው ቤክዌል ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ቤክዌል በልምድ ያገኘው ግን ይህ ነው፦ የደም መስመሮችን መቀላቀል ልዩነትን ይፈጥራል፤ ከልዩነቱ ውስጥ የሚፈለገውን መምረጥ ይቻላል፤ የተመረጠው በልጆቹ ላይ እንዲጸናና መንጋው አንድ ዓይነት እንዲሆን ግን ቅልቅሉ ቆሞ መንጋው መዘጋት፣ የማይመስለውም ያለ ርኅራኄ መውጣት አለበት። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን እናደርግና የመጨረሻውን እንተዋለን።

ለከብቶቹ ግን ርኅሩኅ ነበር። በዲሽሊ እንስሳ አይደበደብም። ግዙፎቹን ኮርማዎች አንድ ትንሽ ልጅ በቀጭን አለንጋ እየነዳ ከማሳ ወደ ማሳ ሲወስዳቸው እንግዶች አይተው ይደነቁ ነበር። በእርሻው ላይ የውሃ ቦይ ቆፍሮ ሣሩን በመስኖ ያለማ ነበር፤ ለከብት መኖ የሚያመርተውን ሥራ ሥርም በቦዩ ላይ እየጣለ ታጥቦ ወደ በረቱ እንዲንሳፈፍ ያደርግ እንደነበረ ይነገራል። በክረምት ላሞቹን በየጋጣቸው አስሮ ገለባን በቁጠባ ይመግብ ነበር። ዝርያ ማሻሻል ያለ መኖ ከንቱ መሆኑን እኛ የልማት ሠራተኞች በየስብሰባው የምንለውን እሱ በተግባር አሳይቷል።

ቤክዌል አላገባም። ቤቱን የምታስተዳድርለት እህቱ ነበረች። ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ ሁሉ፣ መኳንንትም ጭምር፣ በወጥ ቤቱ ውስጥ ይስተናገድ ነበር፤ እሱ ግን የእንግዳው ክብር ምንም ቢሆን የመኝታ ሰዓቱን አያሳልፍም። ይህ እንግዳ ተቀባይነትና ለምርጥ እንስሳ የሚያወጣው ወጪ ዋጋ አስከፈለው። እ.ኤ.አ. በ1776 መክሰሩ በይፋ ታወጀ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ ሰው ምርጡን እንስሳ ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል፤ እሱ ግን እርሻውንም የዘር መንጋውንም ይዞ ከዕዳው ለመውጣት ቻለ።

ያወጣው ደግሞ ኪራይ ነው። ቤክዌል ምርጥ አውራ በጎቹንና ኮርማዎቹን ከመሸጥ ይልቅ ለአንድ የእርባታ ወቅት ያከራይ ነበር። በ1760 አካባቢ ሲጀምር ለአንድ አውራ በግ ያገኘው ኪራይ ከአንድ ፓውንድ ያነሰ፣ ጥቂት ሽልንግ ብቻ ነበር፤ ገበሬዎቹም ሳቁበት። በ1789 ግን ከሦስት አውራ በጎች ብቻ 1200 ጊኒ (በዘመኑ የወርቅ ገንዘብ) ማግኘቱ ተመዝግቧል። ሰዎች ገንዘቡን ያያሉ፤ እኔን የገረመኝ ሌላው ጥቅም ነው። አውራው በየገበሬው መንጋ ውስጥ ልጆች ይወልዳል፤ ቤክዌል እየዞረ ልጆቹን ያያል። ጥሩ ልጆች የሰጠው አውራ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ለራሱ መንጋ ይውላል፤ መጥፎ የሰጠው ይወገዳል። ኮርማው የተገመገመው በራሱ ቁመና ሳይሆን በልጆቹ ነው። ዛሬ በሰው ሠራሽ የማዳቀል ማዕከላት የሚሠራበት የኮርማ ምዘና ሐሳቡ ይኸው ነው። ኮርማውን ሸጦ ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ሳይታዩ እሱ በታረደ ነበር።

በ1780ዎቹ ቤክዌልና ጎረቤት አርቢዎች የዲሽሊ ማኅበር የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። አባላቱ አውራዎችን እርስ በርስ የሚከራዩበት፣ ለውጭ ሰው በስንት ዋጋ እንደሚከራይ የሚወሰንበት ጥብቅ ደንብ ነበረው። ለኅብረት ሥራ ማህበር ሰው ይህ ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ነገር ግን እውነቱን ሙሉ እንናገር ከተባለ ማኅበሩ ለጥቂቶች ጥቅም በሩን የዘጋ፣ ዋጋ ለማስወደድ የቆመ ነው ተብሎ በዘመኑ ተወቅሷል። ቤክዌል ራሱም ምስጢረኛ ነበር። የትኛውን ከየትኛው እንዳዳቀለ የሚያሳይ መጽሐፍ ትቶ አልሞተም። ለሥጋ የሚሸጣቸውን በጎች ማንም ለእርባታ እንዳይጠቀምባቸው አስቀድሞ ረግረግ ላይ እያሰማራ በጉበት ትል ያስይዛቸው ነበር የሚል ወሬም አለ። ወሬው እውነት ከሆነ አላደንቅለትም።

ሥራውስ የት ደረሰ? በጎቹ፣ አዲሱ ሌስተር የተባሉት፣ እጅግ ተሳካላቸው፤ ደማቸው በብዙ የበግ ዝርያዎች ውስጥ ይገኛል። ከብቶቹ ግን ሌላ ዕጣ ነበራቸው። የቱፐኒ ዘሮች ቶሎ የሚደልቡ፣ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ሆኑ፤ ነገር ግን ወተታቸው ቀነሰ፣ የመውለድ አቅማቸውም ደከመ። ለአንድ ነገር ብቻ አተኩሮ መምረጥና የቅርብ ዘመድ ማዳቀል ያስከተሉት ጉዳት ነው። ቤክዌል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1 ቀን 1795 በ70 ዓመቱ ሞቶ በዲሽሊ ተቀበረ፤ እርሻውን የእህቱ ልጅ ሃኒቦርን ቀጠለ። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ገበሬ ባለረጅም ቀንዱን ትቶ ባለአጭር ቀንዱን (ሾርትሆርን) ያዘ።

የሚገርመው ሾርትሆርንን ያሻሻለውም የቤክዌል ትምህርት ነው። ቻርልስ ኮሊንግ የተባለ ወጣት ገበሬ ወደ ዲሽሊ ሄዶ አሠራሩን ተመልክቶ ተመለሰ። ፌቨሪት የሚባለውን ኮርማውን ከገዛ እናቱ ጋር አዳቀለ፤ የተወለደችውንም ጊደር ለዚያው ለፌቨሪት መልሶ ሰጠ። በ1804 የተወለደው ጥጃ ኮሜት ይባላል፤ በ1810 በጨረታ በ1000 ጊኒ ተሸጠ። ኮሊንግ ወተትንም አልናቀም፤ ሾርትሆርን ለሥጋም ለወተትም በመሆኑ ዓለምን አዳረሰ።

ወጥነት አንዴ ከተገኘ ሳይጠብቁት የሚቆይ ነገር አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምር። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ በክሌይና በርጀስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የቤክዌልን በጎች ከ50 ዓመት በላይ ምንም የውጭ ደም ሳይጨምሩ እንዳረቡ ይጠቅሳል። ሆኖም የሁለቱ መንጋዎች የተለያዩ ዝርያዎች እስኪመስሉ ድረስ ተለያይተው ነበር። ደሙ አንድ ነው፤ መራጩ ዓይን ግን ሁለት ነው። ይህን ለዩኒየናችን ሳስበው ያሳስበኛል። እያንዳንዱ መሠረታዊ ማህበር በራሱ ዓይን ከመረጠ ከአንድ ቦታ የተገዙ ኮርማዎች እንኳ ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ዓይነት ሰንጋ አያስገኙልንም።

በአገራችን የማዳቀል ሥራ በስፋት የተጀመረው ለወተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ለገበሬው የወተት ድቅል ላሞችን አሠራጨ፤ በ1981 የተቋቋመው የቃሊቲው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከልም ዋና ትኩረቱ ወተት ነበር። ከእነዚህ ላሞች የሚወለዱት ወንዶች በየማደለቢያው ያለ ምርጫ ይገባሉ፤ የበረታችን ቡራቡሬነት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። በሌላ በኩል የቦረና አርብቶ አደሮች ኮርማ ሲመርጡ የወይፈኑን ቁመና ብቻ ሳይሆን የእናቱን ታሪክ ይመረምራሉ፤ ያልመረጡትን ያኮላሻሉ። በአዳማ አካባቢ ያሉ ማደለቢያዎች ለውጭ ገበያ የቦረናን ወይፈን አጥብቀው የሚፈልጉት አንዱ በመጠንና በመልክ ስለሚመሳሰል ነው። ይህን ያደረገው ቤክዌልን ያነበበ ሰው አይደለም።

የተለያዩ ደሞችን ቀላቅሎ ወጥ መንጋ መሥራት ለአፍሪካም አዲስ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ፕሮፌሰር ያን ቦንስማ ማራ በሚባለው የምርምር ጣቢያ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአፍሪካነርን፣ የሄርፎርድንና የሾርትሆርንን ደም ቀላቅሎ፣ አምስት ስምንተኛው የአፍሪካነር በሆነበት ላይ ቅልቅሉን ዘግቶ ቦንስማራ የሚባለውን የሥጋ ዝርያ አስገኝቷል። ይህ ግን ብዙ መንጋ፣ ሚዛንና ረጅም ዓመታት የያዘ ጣቢያ ሥራ ነው። ሁለትና ሦስት ላም ያለው አባላችን ሊሞክረው አይገባም። ለእኛ የሚያዋጣው ከቤክዌል ኪራይ የሚገኘው ክፍል ይመስለኛል። ማህበሩ ከአንድ ንጹሕ ዝርያ የተመረጡ ጥቂት ኮርማዎችን ቢይዝ፣ በየቀበሌው በተራ ቢያዘዋውራቸው፣ የተወለዱት ወንዶች በሙሉ ደልበው ቢሸጡ፣ አንድም ክልስ ወይፈን ለኮርማነት ባይቀር፣ በአንድ ዓመት የሚቀርቡት ሰንጎች ተቀራራቢ ይሆናሉ። አንድ ኮርማ በአንድ ቀበሌ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ መቆየት የለበትም፤ ከዚያ ካለፈ የገዛ ልጆቹ ለጥቃት ይደርሱበታል፤ ቤክዌል ዓውቆ ያደረገውን እኛ ሳናውቅ እናደርገዋለን። ኮርማው ሲዘዋወር ልጆቹ በየበረቱ ይቀራሉና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ደብተር ይዞ ሊያያቸው ይችላል።

ይህን ሐሳብ ለጋሼ ባቀረብኩላቸው ቀን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡኝና ወደ በረት ይዘውኝ ገቡ። ያ ክልስ ኮርማ አሁንም እዚያው ነበር፤ ጎረቤቶችም በነጻ ይጠቀሙበት ነበር። በሳምንቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ቡርዲዞውን ይዞ መጣ። እንስሳው ስድስት ወር ያህል ደልቦ ለመስቀል ተሸጠ፤ ዋጋውም ከአሥራ አንዱ ሰንጎች ከየትኛውም የበለጠ ነበር።